ልጄን ለየትኛው ባለሙያ ላሳያት?

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ በላይ መታገሥ ስላቃተኝ ነው የምጽፍልዎ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። በማደጎ የወሰድናት በአምስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ቤት ኖራለች። እንወዳታለን፣ የጎደለባት ነገር የለም። ግን ቤታችን ሰላም አጣ። ትዋሻለች። ስትናደድ እጇ የገባውን ትወረውራለች። ዳቦ እየደበቀች ትራሷ ሥር ታስቀምጣለች፤ የማገኘው ሻግቶ ሲሸት ነው። ሌሊት ደግሞ ስነቃ መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ምን ፈልገሽ ነው ስላት «ምንም» ብላ ትመለሳለች።

ሰው መክሮኝ ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ወሰድኳት። ያናደደችኝ እሷ ናት። ልጄን ታክምልኛለች ብዬ ስጠብቅ እኔን መመርመር ጀመረች። በየቀጠሮው አንቺም ግቢ ትለኛለች። ወለል ላይ ተቀምጣችሁ ተጫወቱ ብላን ዳር ሆና ታየናለች። ለዚህ ነው እንዴ የምከፍለው? አንድ ቀን ልጅቷን ውጭ አስቀምጣ፣ ልጅ ለመውለድ ስለሞከርኩባቸው ዓመታት ጠየቀችኝ። ይሄ ከልጄ ውሸት ጋር ምን አገናኘው? መቼ ነው የምትሻላት ስላት ደግሞ «ቀን ቆርጬ ልነግርሽ አልችልም» አለችኝ። ወራት አለፉ፣ ዳቦው አሁንም ትራሷ ሥር ነው። ባለቤቴ ትንሽ እንታገሥ ይላል። እሱ ምን አለበት፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። የታመምኩት እኔ አይደለሁም ብዬ አቋረጥኩ።

አሁን ሌላ ባለሙያ አግኝቻለሁ። እሳቸው ቆራጥ ሰው ናቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ችግሯን ነገሩኝ፤ የቁርኝት መታወክ ነው፣ ከአሳዳጊዋ ጋር መተሳሰር አቅቷታል ማለት ነው አሉ። እንዲህ ያሉ ልጆች እናታቸውን መግዛት ነው የሚፈልጉት፣ ስለዚህ እጅ እስክትሰጥ አጥብቆ መያዝ ነው መፍትሔው አሉኝ። እንዳየው ብለው በዚያው ዕለት ከረዳታቸው ጋር ሶፋ ላይ አስተኝተው ያዟት። መጀመሪያ ጮኸች፣ ታገለች። በኋላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ጸጥ አለች። ትንሽ ሽንት አመለጣት እንጂ ሌላ ምንም አልሆነችም። ያን ማታ እንደ በግ ሆና አመሸች። የሰጠኋትን በላች፣ አንድ ቃል አልመለሰችም። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ሆና አታውቅም።

በአሥር ቀጠሮ ቀጥ እንደሚያደርጓት ዋስትና ሰጥተውኛል። ቀብድ ከፍያለሁ፣ የምንጀምረው ሰኞ ነው። ለባለቤቴ ስለ መያዙ ገና አልነገርኩትም። ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

ትዕግሥቷ ያለቀ እናት

—

እህቴ፣

ሰኞ አትሂዱ።

ከደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ያለፍሽው አንድ መስመር አለ፤ ሽንት አመለጣት ያልሽው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዘዋት ሽንቷ የሚያመልጣት በጣም ስትሸበር ነው። ከዚያ በኋላ ጸጥ ያለችው ስለተሻላት አይደለም። ማምለጫ ያጣ ሰው መታገሉን ያቆማል። ማታም ጭምት የሆነችው እንደገና የሚያስይዛት ነገር ላለማድረግ ስትጠነቀቅ ነው። አንቺ ደግሞ እዚያው ቆመሽ ነበር። ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም፤ ያን ሰዓት አስጥይኝ ብላ ልትጠራው የምትችለው ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ይህ ዘዴ አዲስ ግኝት አይደለም፤ መጥፎ ታሪክ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት የ10 ዓመት የማደጎ ልጅ በዚሁ በቁርኝት ሕክምና ስም አንሶላ ውስጥ ተጠቅልላ ትልልቅ ሰዎች ትራስ ደርበው ተጫኗት። ከአሳዳጊ እናቷ እንደ አዲስ እንድትወለድ ነው ተብሎ ነው። መተንፈስ አቃተኝ እያለች ለመነቻቸው፣ ትዋሻለች ብለው አላመኗትም። 70 ደቂቃ ያህል ቆየች። እናትየው ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ልጅቷ በማግስቱ ሞተች፤ ሁለቱ ቴራፒስቶች እያንዳንዳቸው 16 ዓመት ተፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የአሜሪካ የሕፃናት ጥቃት ጉዳይ ባለሙያዎች ማኅበር ያቋቋመው ቡድን ጉዳዩን መርምሮ፣ ልጅን በኃይል መያዝና ማንበርከክ በሕክምና ስም ሊደረግ አይገባም ብሎ ደምድሟል። አንቺ ያየሽው ሰውዬ ልጅቷን አልጠቀለላትም ይሆናል። እምነቱ ግን ያው ነው፤ ልጅ ስትሸነፍ ትወዳለች የሚል።

የሰጣት ስምም አላሳመነኝም። የቁርኝት መታወክ ብርቅ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ወሬም አይወሰንም። ያ ችግር ያለበት ልጅ ሲፈራ ወይም ሲከፋው ወደ አሳዳጊው አይሄድም፣ ሲያባብሉትም አይባበልም። ያንቺ ልጅ ሌሊት በጨለማ ተነሥታ በርሽ ላይ ትቆማለች። አፏ «ምንም» ይላል፣ እግሯ ግን ወዳንቺ ነው ያመጣት! ለእኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ ተስፋ የሚሰጠው ይህ ነው። ቀጥሎ ስታገኛት ምን ፈለግሽ አትበያት። ነይ በያትና አጠገብሽ ይቀመጥ ፍራሿ።

አሁን ወደ ተቀየምሻት ባለሙያ ልምጣ። እኔ የምቆመው ከእሷ ጋር ነው። ወለል ላይ ተቀምጣችሁ ስትጫወቱ ጊዜ እየባከነ መስሎሽ ነበር። ሕክምናው እኮ እሱ ነው። ይህች ልጅ አምስት ዓመት ሳይሞላት ቤት ተቀያይሮባታል። በሳምንት አንድ ሰዓት ከምታያት ባለሙያ ጋር ብትወዳጅ ምን ይጠቅማታል? ማመን ያለባት አንቺን ነው። ለዚህም ነው በደንብ የተፈተኑት ሕክምናዎች አሳዳጊውን ክፍሉ ውስጥ የሚያስገቡት። ከባድ ነገር ላለፈባቸው ልጆች የሚሰጠው አንዱ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 25 ቀጠሮ ይፈጃል፤ አሳዳጊውም አብሮ ይሠራል፣ ልጁ ያለፈበትን ሲናገር መስማትን ይማራል። እዚያም ቢሆን ግን በዚህ ቀን ቀጥ ትላለች የሚል ዋስትና የለም። ቀን አልቆርጥም ያለችሽ እውነቱን ነው የነገረችሽ።

ስለ መውለድ የጠየቀችሽ ያመመሽ ይመስለኛል። ጊዜው ሳይደርስ ጠይቃሽ ከሆነ ንገሪያት። ግን ጥያቄው ቦታው ነው። ለዓመታት የጠበቅሽው ልጅና በመጨረሻ ደጃፍሽ የደረሰችው ልጅ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፣ ይህ ደግሞ ያሳዝናል። ማዘንሽ መጥፎ እናት አያደርግሽም። ብቻ ሐዘኑን የምትነግሪው ሰው ይኑርሽ፣ በልጅቷ ውሸት ላይ እንዳይወጣ።

መመለሱ ከከበደሽ ሌላ ፈልጊ፣ ግን ልጅቷን ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ አነጋግሪ። ከዚህ በፊት በማደጎ ካደጉ ልጆች ጋር ሠርተው እንደሆነ ጠይቂ። የእኔ ድርሻ ምንድን ነው በይ፤ «አንቺ ውጭ ጠብቂ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ካሉሽ ስልኩን ዝጊ። የነገረቻችሁን ምን ያህል ትነግሩኛላችሁ ብለሽም ጠይቂ። ልጅቷ የራሷ ምሥጢር ይኑራት፣ አንቺ ግን ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ልጅ ሳትፈልግ ትይዛላችሁ ወይ በይ። እዚህ ላይ «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ በቂ አይደለም። ከሁሉ በላይ እነሱ ምን እንደሚጠይቁሽ አድምጪ። ከአምስት ዓመቷ በፊት ማን ጋር ነበረች፣ ምን ደረሰባት ብሎ ያልጠየቀ ሰው ችግሯን አውቄዋለሁ ማለት አይችልም። ያ ቆራጥ ያልሽው ሰው ጠይቆሽ ነበር?

ዳቦው በቀላሉ ይያዛል። ክዳን ያለው ሳጥን ግዥላት፣ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጪ፣ የማይበላሽ ምግብ ሙይበት። የራሷ ነው፤ ሲጎድል አብራችሁ ትሞሉታላችሁ። ተርቦ የሚያውቅ ልጅ ነገም ምግብ እንዳለ በወሬ አይገባውም። ቁም ሣጥን አትቆልፊባት፣ ሌባም አትበያት። ወራት ይፈጅ ይሆናል።

ለባለቤትሽ ዛሬ ማታ ንገሪው። ያልነገርሽው ምን እንደሚልሽ ስለምታውቂ ይመስለኛል፣ ትክክልም ነው የሚሆነው። ለልጅቷም ንገሪያት፦ «ያ ሰውዬ እንዲያ ሊይዝሽ አይገባም ነበር፣ ላስቆመው ይገባ ነበር፣ ሁለተኛ አንሄድም።» በዚህ ላይ ማብራሪያ አትጨምሪበት። ከተናደደችብሽ ትናደድ፣ አትመልሺላት።

ቀብዱን ይመልሱልሽ አይመልሱልሽ ሌላ ቀን ትጠይቂያለሽ። አሁን ደውለሽ ቀጠሮውን ሰርዢው።