በሦስት ለሚሠራ ሞተር፦ ለጎንደር ወጣት መካኒኮች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ የሙያ ታናናሾቼ፣

አሮጌ ስፖርት መኪና ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ላይ እየተንቀጠቀጠ ጋራዥ ሲገባ፣ የብዙዎቻችሁ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ካርቡራቶሩ፣ ነዳጅና አየር ወደሚቀላቅለው ክፍል፣ ነው። እባካችሁ ለጊዜው ተዉት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሦስት ሲሠራ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሥራ ያቆመው የትኛው ነው? ይህን ሳያውቅ ዕቃ የሚቀይር መካኒክ በሰው ገንዘብ ይገምታል።

ለምሳሌ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወጣ 1,438 ሲሲ ሞተር፣ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቭ ከፋች ዘንግ) እና እነሱን የሚያዞር የጎማ ጥርስ ቺንጋ ነበረው። ካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው)፣ ቦቢና (ኤሌክትሪኩን የሚያጎላው መጠምጠሚያ)፣ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እያቋረጠ ብልጭታ የሚያስነሳው) የምንላቸው ቃላት ከጣሊያን የመጡ ስለሆኑ፣ መኪናው በጋራዣችን ቋንቋ የተሠራ ያህል ነው።

ሞተሩን አሙቁትና በሚኒሞ ተዉት። ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ ንቀሉ። ገመዱ ሲነቀል ድምፁ ከወደቀ ያ ሲሊንደር ይሠራል፤ ምንም ካልተለወጠ ያገኛችሁት እሱን ነው። የተነቀለውን ገመድ በአየር ላይ አታንጠልጥሉት፤ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት። ብልጭታው መውጫ ሲያጣ የቦቢናውን ወይም የሮተሩን (ብልጭታውን እየዞረ የሚያድለውን ክፍል) መከላከያ በስቶ ይወጣና ሌላ በሽታ ታስከትላላችሁ። ጭስ ማውጫው ላይ ካታሊስት (ጭስ አጽጂ) ባለው አዲስ መኪና ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያ ገብቶ ይነድና ካታሊስቱን ያቀልጠዋል።

ቀጥሎ የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትታችሁ አንብቡት። ደረቅ ጥላሸት ነዳጅ በዝቷል ይላል። በቤንዚን የራሰ ከሆነ ብልጭታ አልደረሰውም። ዘይት የቀባው የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚይዝ ጎማ) ጉዳይ ነው። የነጣ ከሆነ ከውጭ አየር ይገባል ወይም ነዳጅ ያንሳል። ከጎረቤቱ ጋር አለዋውጡት፤ ሕመሙ አብሮት ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ክፍተቱ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አልሙኒየም ስለሆነ ሞተሩ ሲበርድ ብቻ ፍቱት፤ ስትመልሱትም የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣት አስገቡ። የተበላ ጥርስ ቴስታታ ያስወርዳል።

ፑንቲና ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚያ ነውና። ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ወደ 0.40 ሚሊ ሜትር አስተካክሉ። ክፍተቱ ሲሰፋ የብልጭታው ሰዓት ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ፑንቲናው ይቅደም፣ ታይሚንጉ ይከተል። በተቃራኒው የሠራ ሰው ሁለቱንም እንደገና ይሠራል። ፑንቲናውን በሚከፍተው ካም ላይ ጥቂት ግሪስ ካልተቀባ የፑንቲናው ተረከዝ ያልቅና ክፍተቱ በጥቂት ሳምንት ይዘጋል። ፊቱ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ኮንዴንሰሩን (ከፑንቲናው ጋር የተያያዘውን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ጠርጥሩ። ፑንቲና ሲበላሽ አራቱም ሲሊንደር ይታመማል፤ አንዱ ብቻ ከሞተ መፈለግ ያለበት ብልጭታውን ለአራቱ ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢውተሩ ክዳን ጀምሮ እስከ ካንዴላው ነው። መብራት አብርታችሁ የክዳኑን ውስጥ ተመልከቱ፤ እርሳስ እንዳሰመረው ያለች ቀጭን ጥቁር መስመር ካለች ብልጭታው በእሷ እየሸሸ ነው። በጎንደር ክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጠዋት አልነሳ ብሎ ቀትር ላይ የሚሻለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ሲጨልም ሞተሩን አስነስታችሁ ገመዶቹ ላይ በመርጫ ጥቂት ውኃ ብትረጩ፣ ሰማያዊ ብልጭታ ቦታውን ራሱ ያሳያችኋል። ገመዶቹን ስትመልሱ ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው።

ሕመሙ ሚኒሞ ላይ ኖሮ ሲፋጠን የሚጠፋ ከሆነ የአየር ፍሳሽ ፈልጉ፦ የማኒፎልድ (የአየር ማስገቢያው) ጋርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ወይም የፍሬን ሰርቮ (የፍሬን ማገዣ) ቱቦ። ቱቦውን በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉት፤ ሞተሩ ከተስተካከለ ተገኝቷል። ካርቡራቶሩ ተራው ከዚህ በኋላ ነው። የተደፈነ ጂግለር (ነዳጁን የሚመጥን ቀዳዳ ያለው ነሐስ) በአየር ይነፋል፤ በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን ከሆነ በብርጭቆ ጠርሙስ ቅዱና ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት፤ ውኃ ካለው ከታች ይቀመጣል። ላምባ ግን አይለይም፤ ጠብታውን ወረቀት ላይ አድርጉት፣ ቤንዚን ሲተን ላምባ የቅባት ምልክት ይተዋል።

ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ወደ አሥር በመቶ ያህል ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ጂግለሩን አሳንሳችሁ ከቀየራችሁ ግን ለባለቤቱ ንገሩት፦ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ስትለኩም ከፍታውን አስቡ። አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የቦቢናው ሽቦ ይነቀል፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ። መጽሐፉ 11 ባር ካለ እዚህ 8.5 አካባቢ ማንበብ ጤንነት ነው። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር መክፈት ከባድ በደል ነው። ዋናው ነገር በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ ከበለጠ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ቀለበት፣ ካልተለወጠ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ተበልቷል። አራቱም እኩል ካነሱ የጥርስ ቺንጋው ጥርስ ዘልሎ እንደሆነ ምልክቶቹን አስተያዩ።

ሥራው አለቀ ስትሉ ቆሞ በሚሠራ ሞተር አትመኑ፤ ደካማ ብልጭታ የሚጋለጠው ሸክም ሲበዛ ነው። ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚያወጣውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉን ረግጣችሁ ውጡ፣ ከላይ አጥፉት። ሲበርድ ካንዴላዎቹን አውጡና ቀለማቸውን አስተያዩ፤ አራቱም የተቆላ ገብስ ከመሰሉ ቁልፉን ለባለቤቱ፣ የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ አብራችሁ ስጡት።