የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ «ሎርድ ናፒየር ኦፍ መቅደላ»

ጥያቄ፦ መቅደላን የያዘውን ጄኔራል አንዱ መጽሐፍ «ሰር ሮበርት»፣ ሌላው «ሎርድ ናፒየር» ይለዋል። አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? (ከደሴ)

መልስ፦ ሰውየው አንድ ነው፤ የሚለየው ጊዜው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ አምባው ሲያዝና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሌተናል ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር ነበር። የእሱ ዓይነቱ የፈረሰኛ ክብር (ናይት) «ሰር» ከባለቤቱ ጋር የሚቀበር ማዕረግ ነው፤ ልጅ አይወርሰውም። ሎርድ የሆነው ከ3 ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1868 ንግሥት ቪክቶሪያ «ባሮን ናፒየር ኦፍ መቅደላ» ስትለው ነው። ስለዚህ ስለ ውጊያው ስትጽፉ «ሰር ሮበርት» ማለቱ ትክክል ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። «ሎርድ ናፒየር» ብቻ ከተባለ የሌላ፣ ከዚህ በፊት የነበረ የስኮትላንድ ቤተሰብ ማዕረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ሁለቱም ሕንድ ውስጥ ነበሩ፦ የስኮትላንዱ ፍራንሲስ ናፒየር ተጠባባቂ እንደራሴ፣ የመቅደላው ሮበርት ደግሞ የሕንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ። የዚያን ዘመን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው «ኦፍ መቅደላ» የሚለውን ካላየ ሰው ያምታታል።

ጥያቄ፦ ማዕረጉ መቅደላ ላይ መሬት ወይም ሥልጣን ይሰጣል? አሁንስ ይወረሳል?

መልስ፦ አንድ ጋሻ መሬት አይሰጥም። የቦታው ስም ማዕረጉን ከሌላ ናፒየር ለመለየትና ድሉን ለማስታወስ የገባ ነው። ከማዕረጉ ጋር የመጣው ጥቅም በዓመት 2,000 ፓውንድ ጡረታ (ለእሱና ለቀጣዩ ወራሽ) እና በሎርዶች ምክር ቤት መቀመጫ ነበር።

ውርሱ በወንድ መስመር ብቻ ነው። በእኛ አገር በዘውዱ ዘመን የደጃዝማች ልጅ ንጉሡ ካልሾሙት ደጃዝማች አይሆንም ነበር፤ እንደ ዋግሹም (የዋግ ገዥ) ያለው በዘር የሚወርድ ሹመት ጥቂት ነበር። በእንግሊዝ ግን ባሮኑ በሞተ ቅጽበት ታላቁ ወንድ ልጅ፣ ሹመትም ሳይጠብቅ፣ ባሮን ነው። ወንድ ልጅ ካልተካ ወደ ወንድሙ ይሄዳል። የናፒየር ቤት ይህን በደንብ ያሳያል፦ ጄኔራሉ እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሞት ልጁ ሮበርት ዊልያም ወረሰ፤ በ1921 ወንድሙ ጄምስ፣ በ1935 ደግሞ ኤድዋርድ ተተኩ። ሦስቱም የጄኔራሉ ልጆች ናቸው። የምክር ቤቱ መቀመጫ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሕግ ከአብዛኞቹ በውርስ ሎርድ ከሆኑት ተወስዶ 92 ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ መኳንንት የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይገዙ ነበር ይባላል። ናፒየርም ገዝቶ ነው?

መልስ፦ አልገዛም፤ የሚገርመውም እዚህ ላይ ነው። ናፒየር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1810 ኮሎምቦ ውስጥ ከመድፈኛ መኮንን ነው። ሙያው ምህንድስና ሲሆን በመሐንዲስና በመድፈኛ ክፍል ማዕረግ አይሸጥም ነበር፤ መድፍ መተኮስም ሆነ ድልድይ መሥራት የማያውቅ ጌታ ጉዳቱ ወዲያው ስለሚታይ ይመስለናል። ዕድገቱ በአገልግሎት ተራ ስለነበር ናፒየር በ1826 ገብቶ ሻምበል የሆነው በ1841 ነው።

ግዢው የነበረው በእግረኛና በፈረሰኛ ክፍለ ጦር ነው። መንግሥት የወሰነው ዋጋ በእግረኛ ለታናሹ መኮንን 450 ፓውንድ፣ ለሻምበል 1,800፣ ለሌተናል ኮሎኔል 4,500 ሲሆን፣ በፈረሰኛ ሌተናል ኮሎኔልነት 6,175 ይደርሳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሚለቀው መኮንን ቦታውን ይሸጣል፤ ከሥሩ ያለው ቀዳሚ ባለተራ ገንዘብ ካለው ይገዛል፣ ከሌለው ቀጣዩ ይዘልለዋል። ገዢው የሚከፍለው የሁለቱን ማዕረጎች ልዩነት ነው። በሕግ ክልክል ቢሆንም ከተወሰነው ዋጋ በላይ ከጎን ይከፈል ነበር። መኮንኑ በውጊያ ከሞተ ቦታው ያለ ክፍያ ለባለተራው ያልፋል፤ የከፈለው ገንዘብ ለቤተሰቡ እንደ መብት አይመለስም። ሕይወትን ብቻ ሳይሆን ጥሪትንም ይዞ መዝመት ነው።

ጉዳቱ የታየው በሎርድ ካርዲጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ፈረሰኛ ገብቶ በ1830 መጨረሻ ሌተናል ኮሎኔል ሆነ፤ ናፒየር ሻምበል ለመሆን ከፈጀበት ግማሹን እንኳ አልፈጀበትም። ኋላ ለአንድ ክፍለ ጦር አዛዥነት ከ35,000 ፓውንድ በላይ እንደከፈለ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1854 በክራይሚያ ጦርነት፣ ባላክላቫ ላይ በተዛባ ትእዛዝ ወደ 670 ፈረሰኛ እየመራ ወደ ሩሲያ መድፍ የገባው እሱ ነው። ትእዛዙን ያዛቡት ከበላዩ የነበሩት ቢሆኑም፣ ጦርነቱ ግዢውን የሚቃወሙትን አበረታ፤ በ1871 ቀረ።

ናፒየር ግን ለመቅደላ ዘመቻ በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ ያሰበው ስለ ወደብ፣ ስለ ውሃና ስለ ባቡር ሐዲድ ነበር። የባሕር ውሃ እያፈሉ እንፋሎቱን ወደ ንጹሕ ውሃ የሚመልሱ መሣሪያዎች ባይኖሩ ያን ሁሉ ወታደርና በቅሎ ጥም በጨረሰው።

ጥያቄ፦ ሐውልትና መቃብሩ የት ነው?

መልስ፦ ለንደን፣ ክዊንስ ጌት በሚባለው መንገድ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ የተቀበረው በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ነው።