መልስ፦ በረኪና ጨምሬ ግማሽ ሰዓት ብጠብቅም ውኃው የክሎሪን ሽታ የለውም፤ ይጠጣል?

ውኃውን አሁን ባለበት ሁኔታ አይጠጡት። በ20 ሊትር ድፍርስ ውኃ ላይ 40 ጠብታ በረኪና ጨምረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምንም ሽታ ካጡ፣ ክሎሪኑ ጀርሞቹን ገድሎ ሳይጨርስ በውኃው ውስጥ ባለው ጭቃና ብስባሽ ላይ አልቆ ሊሆን ይችላል።

1. ውኃውን ሳያንቀሳቅሱ ያስቀምጡት፤ ደለሉ ሲዘቅጥ የላይኛውን ብቻ በአራት በታጠፈ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጥልለው ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ይገልብጡ።

2. ሽቶ ወይም ሌላ ማጽጃ ያልተቀላቀለበት፣ ከ5 እስከ 6 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (ጀርም ገዳዩ ንጥረ ነገር) ያለው በረኪና ለእያንዳንዱ ሊትር 2 ጠብታ፣ ውኃው አሁንም ካልጠራ ደግሞ 4 ጠብታ ይጨምሩ፤ በደንብ አማስለው 30 ደቂቃ ከድነው ያቆዩት።

3. ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ካለው ይጠጣል። ከሌለው ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ ደግመው 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አሁንም ካልሸተተ ይድፉት።

ማገዶ ወይም ጋዝ ካለዎት ግን ማፍላቱ ይሻላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ ክሎሪንን ስለሚቋቋም፣ በተለይ ለሕፃናት የሚሰጠውን ውኃ እየተንተከተከ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ደግሞ 3 ደቂቃ ያፍሉት።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እኔም እንደ እርስዎ ተቸግሬ ውኃውን ስወቅስ ከርሜ፣ ጥፋቱ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የቆየው የበረኪና ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ፤ በረኪና በሙቀት፣ በብርሃንና በዕድሜ ኃይሉን ያጣልና የተመረተበትን ቀን ሳያዩ ጠብታ አይቁጠሩ።