ጥያቄዎቻችሁ፦ ለሴቶች ማኅበራት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል? እንዴትስ ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የምንኖር 18 ሴቶች ነን። በየሳምንቱ 50 ብር እንቆጥባለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር ሃይላንድ እየለቀምን ለቆራሌው እንሸጣለን። አሁን 400 ችግኝ ለመትከል ፕሮፖዛል ጽፈን ከውጭ ድጋፍ ልንጠይቅ ነው። ሕጋዊ ሰውነት ግን የለንም። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከፕሮፖዛሉ ጀምሩ፤ 400 ችግኝ በዝቷል። ችግኝ የሚሞተው በተከላው ቀን ሳይሆን ክረምቱ ወጥቶ የበልግ ዝናብ እስኪገባ ባሉት ደረቅ ወራት ነው። ለአንድ ችግኝ በአንድ ጊዜ 5 ሊትር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብታጠጡ ለ400 ችግኝ በሳምንት 4,000 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ይህ 200 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ለ18 ሲካፈል ለእያንዳንዷ በሳምንት 11 ጀሪካን ይደርሳታል፤ ያውም ለቤቷ ከምትቀዳው ሌላ። አንዷ ስትታመም፣ ሌላዋ ስትወልድ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ጥር ላይ ሁሉም ይተወዋል። 100 ችግኝ ከሆነ ግን ለአንዷ የሚደርሳት 3 ጀሪካን ገደማ ነው። ይህ ይቻላል።

ስለዚህ ለ100 ችግኝ ጻፉ፤ በጀቱን ደግሞ ከመግዣው ይልቅ ለማሳደጊያው አድርጉት። የውሃ ማመላለሻ የጋሪ ኪራይ፣ ከፍየልና ከከብት የሚከላከል አጥር፣ የጥበቃ አበል፣ ለሞቱት መተኪያ 20 ተጨማሪ ችግኝ ይግባ። የእናንተም ጉልበት በገንዘብ ይተመን። ድጋፍ ሰጪው ባይከፍለው እንኳ “የማኅበሩ መዋጮ” ተብሎ በአኃዝ ይቀመጥ፤ ብዙ ፈንዶች መዋጮ ይጠይቃሉ፣ ሴቶች ግን የራሳቸውን ሥራ ሳይቆጥሩት ይቀራሉ። ውጤቱንም “በተተከለ” ሳይሆን “ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት ባለ” ችግኝ ለኩት። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ የመሠረቱት የግሪን ቤልት ንቅናቄ ለገጠር ሴቶች ትንሽ ክፍያ ይሰጥ የነበረው ለጸደቀ ችግኝ ነበር። ተተክሎ ለሚረሳ ችግኝ ማንም መክፈል የለበትም።

አንድ ወረቀት ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ በቦታው ላይ እንድትተክሉና እንድትንከባከቡ የሚፈቅድ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ። የሐይቅ ዳር መሬት የሕዝብ ነው። የቃል ፈቃድ ይዛችሁ ብትተክሉ ዛፉ ሲያድግ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ የምታቀርቡት ማስረጃ አይኖራችሁም። ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ፍሬውን ማን እንደሚወስድም በደብዳቤው ላይ ይጻፍ።

ወደ ሕጋዊ ሰውነት ስንመጣ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በማኅበርነት መመዝገብ ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር ለመመሥረት አምስት አባላት ይበቃሉ። ዕድርና ዕቁብ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ስለዚህ የዕቁብ ደብተር ይዞ “ተመዝግበናል” ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ ምዝገባ ከአንድ ክልል በላይ ለሚሠሩ ነው፤ እናንተ ከሲዳማ ክልል ስለማትወጡ ጉዳያችሁ የሚያልቀው ክልሉ ጋ ነው።

ሁለተኛው ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተጠግቶ በእሱ የባንክ ሒሳብ ገንዘቡን መቀበል ነው። ለጀማሪ የሚቀለው ይኸኛው ቢሆንም ብዙ ማኅበር የተጎዳውም በዚሁ ነው። ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ዝናቡ ያልፋል። ወይም አስጠጊው ድርጅት ከእናንተ ድርሻ ላይ የራሱን ሥልጠና ያካሂድበታል። የመግባቢያ ሰነዱ ላይ ቢያንስ እነዚህ ይስፈሩ፦ ገንዘቡ በገባ በስንት ቀን ወደ እናንተ እንደሚተላለፍ (15 ቀን በቂ ነው)፤ አስጠጊው ስንት በመቶ እንደሚያስቀር፤ ሪፖርቱን ማን እንደሚጽፍና እናንተ ሳታዩት እንደማይላክ። አገልግሎቱ 10 በመቶ ቢሆን ከ3,000 ዶላር 300 ይቀራል፣ 2,700 ለእናንተ ነው። ከዚያ በላይ ከተጠየቃችሁ ለምን እንደሆነ በዝርዝር ይንገሯችሁ። የምንዛሪውንም ጉዳይ አትርሱ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚመነዘር በጀቱ በተጻፈበትና ገንዘቡ በገባበት ቀን መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ትርፉም ኪሳራውም የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ጠቡ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው።

ከፈንዶቹ መካከል ሥራችሁን የሚመጥኑት ጥቂት ናቸው። ግሎባል ግሪንግራንትስ ፈንድ ለአካባቢ ጥበቃ አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል፤ ግን በቀጥታ የተላከ ማመልከቻ አይቀበልም፣ የሚሠራው በየቀጣናው ባሉት አማካሪዎች ጥቆማ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ በአካባቢ ጥበቃ መረቦች ስብሰባ መገኘት፣ መታወቅ ነው። አክራ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ በሴቶች ለሚመሩ ድርጅቶች ይሰጣል፤ ጥሪ ሲያወጣ ተከታተሉ። ጂኢኤፍ በሚባለው የዓለም አካባቢ ፈንድ ሥር ያለው የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ኢትዮጵያ ውስጥም ሲሠራ ቆይቷል። ድጋፉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ለእናንተ ግን በመጀመሪያው ዓመት ይህን ያህል ገንዘብ መጠየቅ ጉዳት ነው። በሳምንት 900 ብር የሚያንቀሳቅስ ማኅበር ሚሊዮኖች ሲገቡለት የሚፈርሰው በሌብነት ብቻ አይደለም፤ መዝገቡን የሚችል ሰው በማጣትም ነው።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው፤ የምኖረው ካናዳ ነው። በወር 50 ዶላር ለመብትና ለአካባቢ ለሚሠሩ ትንንሽ የሴቶች ቡድኖች፣ እዚያም ይሁን ሌላ አገር፣ መስጠት እፈልጋለሁ። ገንዘቤ በእርግጥ እንደሚደርሳቸው በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ርቀው ሆነው ትንሽ ቡድን መምረጥ ከባድ ስለሆነ የሴቶች ፈንድ በሚባሉት በኩል ቢሰጡ ይሻላል። ማማ ካሽ አምስተርዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ግሎባል ፈንድ ፎር ዊሜን አሜሪካ ውስጥ በ1987 ተመሥርተዋል፤ ሁለቱም ሌላ ለጋሽ ለማይደርስባቸው ቡድኖች ይሰጣሉ። ኧርጀንት አክሽን ፈንድ–አፍሪካ ደግሞ መብት በማስከበር ሥራቸው አደጋ ለደረሰባቸው ሴቶች በፍጥነት የሚደርስ ነው። መሬቷን ከማዕድን ቆፋሪ ወይም ከወንዝ በካይ ለመከላከል የቆመች ሴት ዛቻ ሲደርስባት የዓመቱን በጀት መጠበቅ አትችልም።

የትኛውንም ከመምረጥዎ በፊት ይጠይቁ። ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ማን ነው? ከእነዚያው አገሮች የመጡ ሴቶች አሉበት? የቤት ኪራይና ደመወዝ ይሸፍናሉ ወይስ ለ“ፕሮጀክት” ብቻ? ድጋፉ ስንት ዓመት ይቀጥላል? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው። ለአንድ ዓመት ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ሠራተኛ አስቀጥሮ በዓመቱ ያስበትናል። እርስዎም ገንዘብዎን “ለችግኝ ብቻ” ብለው አይገድቡት፤ የጠበቃ ክፍያ ወይም የታክሲ ሒሳብ የሚያስፈልግበትን ቀን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በወር 50 ዶላር በዓመት አንዴ ከሚሰጥ 600 ዶላር ይሻላል፤ ተቀባዩ ከወዲሁ ያቅድበታል።

ለሐዋሳ ቡድን በቀጥታ መላክ ካሰቡ በባንክ፣ በማኅበሩ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ብቻ ይላኩ። ለሊቀመንበሯ የግል ሒሳብ መላክ፣ እሷ የቱንም ያህል ታማኝ ብትሆን፣ ነገ ለሐሜት ያጋልጣታል።

ጥያቄ፦ ፕሮፖዛላችን ላይ “የሴቶች መብት” የሚል ስላለ ሰዎች “አውጡት፣ የውጭ ገንዘብ ለመብት አይፈቀድም፣ አካባቢ ጥበቃ ብቻ በሉ” አሉን። እውነት ነው?

መልስ፦ አሁን እውነት አይደለም። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ላይ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክል ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ሽሮታል። ምክሩ የቀረው ከዚያ ዘመን ነው።

ቃሉን ማውጣት ሥራውንም ይቆርጠዋል። ሐይቁ ሲበከል ዓሣ የምታጸዳውና የምትሸጠው ሴት ገቢዋን ታጣለች፤ ስለ ሐይቁ በሚወሰንበት ስብሰባ ግን ወንበር የላትም። ይህን ጻፉት፤ በተጨባጭ ግን። “የሴቶችን አቅም እናጎለብታለን” ከማለት “በሐይቁ ዳር አጠቃቀም ላይ በሚመክረው ኮሚቴ ሦስት ሴቶች እንዲገቡ እንጠይቃለን፣ ደብዳቤውን በዚህ ወር እናስገባለን” የሚለው ይታመናል።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ የምንገዛቸው ሰዎች ደረሰኝ የላቸውም። ሒሳብ ስናወራርድ ምን እናቅርብ?

መልስ፦ የግዢ ማረጋገጫ ቅጽ አዘጋጁ፦ ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ድምር፣ የሻጩ ስም፣ ስልክና ፊርማ፣ ከእናንተ የገዛችውና ያየችው ሁለት ፊርማ። ይህ ቅጽ ተቀባይነት እንዳለው ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ድጋፍ ሰጪውን ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ በኋላ ሲጠየቅ “ውድቅ” ይባላል። ደረሰኝ ያለውን ሱቅ ግን አትዝለሉ። ከባንክ የሚወጣው ገንዘብ ከሦስት ፈራሚዎች በሁለቱ ይፈረም፣ ሦስቱም ዘመዳሞች አይሁኑ። የሳምንቱ ቁጠባ በሳጥን የሚቀመጥ ከሆነ ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹ ሦስት ሴቶች ጋ፣ ሳጥኑ አራተኛዋ ቤት ይቀመጥ። ገንዘቡም ሁሉም ባሉበት ጮክ ተብሎ ይቆጠር፤ ማንበብ የማትችለዋ አባል ሒሳቡን የምትከታተለው በጆሮዋ ነው።