ስለ ዳንኤሌክትሮ ጊታር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በለገጣፎና በአያት አካባቢ የምንኖር የጊታር ተጫዋቾች ከውጭ ዘመድ ስለሚያመጣልን የዳንኤሌክትሮ ኤሌክትሪክ ጊታር ላነሣናቸው ጥያቄዎች፣ ጊታር በመጠገን የሚታወቁት አባላችን የሰጡት መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስሙ የአሜሪካ፣ ሥራው የኮሪያ ወይም የቻይና የሆነ ጊታር እውነተኛ ዳንኤሌክትሮ ሊባል ይችላል?

መልስ፦ ስሙ እውነተኛ ነው፤ ፋብሪካው ግን ሌላ ነው። ናታን ዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1947 በኒው ጀርሲ ያቋቋመው ድርጅት ሲርስን ለመሰሉ ትልልቅ መደብሮች አምፕሊፋየርና ዋጋው የማይከብድ ጊታር ሲያቀርብ ቆይቶ፣ በ1966 ኤምሲኤ ለተባለ የአሜሪካ የመዝናኛ ኩባንያ ተሸጠ፤ በ1969 ደግሞ ተዘጋ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤቬትስ የተባለ ኩባንያ ስሙን ገዝቶ የድሮዎቹን ቅርፆች በእስያ ማሠራት ጀመረ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም በጥንቶቹ አንገት ውስጥ የነበረው ብረት የማይስተካከል ስለነበር አንገቱ ከጎበጠ ጥገናው አድካሚ ነበር፣ የአሁኖቹ ግን በመፍቻ የሚስተካከል ዘንግ አላቸው።

ጥያቄ፦ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ሣጥን ይጮኻል፤ ቺፑድ ሸጠውልን ይሆን?

መልስ፦ አልተታለላችሁም። ዳንኤል ራሱ በ1950ዎቹ የእንጨት ማዕቀፍ አበጅቶ ፊትና ጀርባውን ማሶናይት በተባለ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ በሚሠራ ሰሌዳ ይሸፍነው ነበር፤ የፒክአፖቹ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ክፍሎች) ሽፋንም የከንፈር ቀለም መያዣ ቱቦ ነበር። ስለዚህ ቅለቱን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። መመርመር ያለበት ሰሌዳው ከማዕቀፉ ጋር የተጣበቀበት ጠርዝ ነው፤ እዚያ ክፍተት ካያችሁ አትግዙት።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት ምን ምን እንይ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ አንገቱን እዩ። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት (በአንገቱ ላይ አግድም የተተከለው ቀጭን ብረት) ላይ በአንድ ጊዜ ስትጫኑት፣ 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ወረቀት የሚያሳልፍ ጥቂት ክፍተት መታየት አለበት፤ ክፍተቱ ከበዛ ዘንጉን በማጥበቅ ይስተካከላል፣ የተጠማዘዘ አንገት ግን በዘንግ አይቃናምና ሻጩ ምንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ ተዉት። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር ባዶውን፣ ከዚያም 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱና በስልካችሁ መቃኛ አነጻጽሩ፤ ሁለተኛው ልክ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በቀጭኑ ድምፅ) ከፍ ማለት ይኖርበታል። አንዳንዶቹ ሞዴሎች የጥንቱን መልክ ለመጠበቅ ሲባል ክሮቹ በሙሉ በአንድ ወጥ እንጨት ላይ የሚያርፉበትን ብሪጅ (በጊታሩ አካል ላይ ያለ የክር ማረፊያ) ስለያዙ፣ የእያንዳንዱን ክር ርዝመት ለብቻው ማስተካከል አይቻልም፤ እኔ ለቀረጻ የሚፈልገው ሰው ክሮቹ ለየብቻ የሚስተካከሉበትን ሞዴል ቢመርጥ እመክራለሁ። በአንገቱ ጫፍ ያለው የአሉሚኒየም የክር ማረፊያ ቦዮቹ በበቂ ካልጠለቁ በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ የተያዘ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ቅኝቱን የሳተ ይመስላል፤ ይህ ብዙ ሰው በመቃኛ ቁልፎቹ የሚያሳብበው፣ ባለሙያ ግን በቀጭን ሞረድ በቀላሉ የሚያስተካክለው ችግር ነው። የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ የሚቧጭር ከሆነ ወሩን አስታውሱ፤ እርጥበት ካለበት አገር የመጣ እንጨት በእኛ ደጋ በበጋው ደርቆ ስለሚኮማተር ብረቱ ጎልቶ ይወጣል፣ እሱም ቢሆን በሞረድ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ የኮሪያው ይሻላል ወይስ የቻይናው?

መልስ፦ በእጃችሁ የያዛችሁት እንጂ አገሩ አይፈርድም። አንድ ዓይነት ሞዴል ከሆኑ ሁለት ጊታሮች አንዱ በፍሬቱ አሠራር ከሌላው ሊለይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቤቴ አዲስ በተሠራ ሰፈር ነው፤ አምፕሊፋየሩን ስከፍት ጊታሩ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። ልመልሰው?

መልስ፦ አትቸኩል። ፒክአፖቹ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ በመሆናቸው የ50 ኸርዝ መብራታችንን ጉርምርምታ ይስባሉ፤ በዚህም ምክንያት ለከባድ ሮክ ድምፅ አልመርጣቸውም፣ የትዝታንና የባቲን ዜማ ነጠላ ኖታ በኖታ ለሚጫወት ሰው ግን ጥርታቸው ይወደዳል። ክሮቹን በእጅህ ስትነካ ጉርምርምታው ከቀነሰ የጊታሩ ውስጣዊ መስመር ደኅና ነው። ስትነካ የሚነዝርህ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከቤቱ የኧርዝ መስመር ሊሆን ስለሚችል፣ ወዲያውኑ ከሶኬቱ ንቀለውና ኤሌክትሪሽያን መስመሩን እስኪያይልህ ድረስ አትጫወትበት።