መልስ፦ የሜምፊሱ ነው ወይስ የአትላንታው?

ወንድሜ፣ «በአሜሪካ የመጀመሪያው የጥቁሮች ሬዲዮ የሜምፊሱ ደብሊውዲአይኤ ነው ወይስ የአትላንታው ደብሊውኢአርዲ?» ብለሃል። ሁለቱም «የመጀመሪያ» ስለሚባሉ ግራ ቢገባህ አይገርምም።

የሜምፊሱ ባለቤቶች ነጮች ነበሩ። ገበያው አልሄድ ሲላቸው በ1948 እ.ኤ.አ. ናት ዲ. ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር መምህር ማይክ ላይ አስቀመጡ። ሥራው ያዘላቸው። ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሙ በሙሉ ለጥቁር አድማጭ ሆነ፤ «የመጀመሪያ» የሚባለውም በዚህ ነው። የብሉዝ ሙዚቀኛው ቢ.ቢ. ኪንግም ስሙ ከመግነኑ በፊት እዚያ ዲጄ ነበር።

ባለቤቱ ጥቁር የሆነ ጣቢያ ካልክ ግን መልሱ የአትላንታው ነው። ጄሲ ብሌይተን የሚባሉ የሂሳብ ባለሙያና የኮሌጅ መምህር በ1949 በ50,000 ዶላር ገዙት። በዚያ ዘመን፣ ያውም የዘር መድልዎ በነገሠበት በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች (በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል)፣ ቀላል ድፍረት አይደለም።

እኔ የምወደው ግን የሕንፃውን ነገር ነው። ጣቢያው በኦበርን ጎዳና በጥቁር ሜሶኖች (የወንድማማችነት ማኅበር) ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ ይመሩት የነበረው የሲቪል መብት ድርጅት፣ የደቡብ ክርስቲያን አመራር ጉባኤ፣ ቢሮ ነበር። እንደሚወራው ኪንግ በአየር ላይ መናገር ሲፈልጉ የቢሯቸውን ጣሪያ በመጥረጊያ እንጨት ያንኳኳሉ። ከላይ ያለው ዲጄ ማይኩን በገመዱ አንጠልጥሎ በመስኮት ያወርድላቸዋል። በቃ፣ ንግግሩ ቀጥታ ይተላለፋል! ስልክ መደወል፣ ቀጠሮ መያዝ ምናምን የለም።

ብሌይተን ጣቢያውን በ1968 ሸጡት።