ለመጀመሪያ ጊታርና አምፕ ገዢ፦ ባለ ትሪሞሎውን ተወው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ጊታርህን ልትገዛ ነው፣ ያጠራቀምከው ብዙ አይደለም፣ አንድ ሰው ያገለገለ ባለ ትሪሞሎ (ብሪጁን በክንድ እየወዘወዙ ድምፁን የሚያወዛውዙበት) ጊታር ከ100 ዋት አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ጋር አንድ ላይ በቅናሽ ሊሸጥልህ ነው። "ልውሰደው ወይ? ገንዘቡንስ ጊታሩ ላይ ላብዛ ወይስ አምፑ ላይ?" ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ "ዕድል ነው፣ እንዳያመልጥህ" ብለውሃል። እኔ ግን ይህንኑ ገዝቼ ስምንት ወር ሙሉ የነደድኩ ሰው ነኝ። እባክህ ሳትከፍል አንብበኝ። ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

1ኛ፦ መጀመሪያ ብሪጁን፣ ክሮቹ የጊታሩ ሆድ ላይ የሚታሰሩበትን ብረት፣ እይ። ቀለሙና ቅርጹ ይቆዩ። አናቱ ላይ፣ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት) ጋ፣ ክሮቹን ሁለት ሁለት አድርገው ጥርቅም የሚያደርጉ ሦስት መቆለፊያዎች ካሉት ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው የትሪሞሎ ዓይነት ነው። ይህ ብሪጅ እንጨቱ ላይ አልታሰረም፣ ይንሳፈፋል። ከፊት ክሮቹ ይስቡታል፣ ከኋላ ሞላዎቹ ይስቡታል፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ከ10 እስከ 46 የሚባሉት ክሮች (ቁጥሩ ውፍረታቸው ነው) በመደበኛው ቅኝት ተደምረው 47 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። እንግዲህ አንዷን ክር ስታጠብቅ ብሪጁ ወደፊት ያዘነብልና የቀሩት አምስቱ ይላላሉ። አምስቱን ስታጠብቅ ደግሞ ያቺ የመጀመሪያዋ ትረግባለች። አንዷ ከተበጠሰችማ ሞላው ያሸንፍና ሁሉም ከቅኝት ወጥተው ድምፃቸው ይቀጥናል። በውድ ጊታር ላይ የተገጠመው ጥሩ ብረት ስለሆነ ሥራውን ይሠራል፣ የለመደውም ሰው ይወደዋል። የርካሹ ግን ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ብሪጁ የሚወዛወዝበት ስለት ሲበላ አንዴ ከነካኸው ወደ ቦታው አይመለስም።

ይህን እያወቅሽ ለምን ገዛሽው ካልከኝ፣ አላውቅም ነበር። የገዛሁትም በእልህ ነው። ሱቁ ስገባ ዓይኔ ያረፈው ብሪጇ የታሰረ፣ ቀለል ያለች ጊታር ላይ ነበር። ሻጩ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "ለማን ነው? ለወንድምሽ?" አለኝ። ለራሴ ነው ስለው ፈገግ አለና ጥግ ላይ የተሰቀለች የልጆች ጊታር በአገጩ አሳየኝ። ያችኛዋን አውርድልኝ ልያት ስለው "ለማይገዛ ሰው አናወርድም" አለ። ደሜ ፈላ። ከተሰቀሉት ሁሉ ቀንዷ ሹል ሹል ያለውን፣ ጥቁሯን፣ ባለ ትሪሞሎዋን በጣቴ ጠቆምኩና "ይቺን" አልኩት። አልሞከርኳትም። በምን እሞክራለሁ? ሦስት ኮርድ (ብዙ ክር አንድ ላይ ይዘው የሚመቱት) አላውቅም፤ እሱ ፊት ጣቴ ሲንተባተብ ላሳየው ነው? ያችን ቀን ለአንድ ባለጌ ሰው ብዬ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አራገፍኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፣ እኔስ አፍስሼ መልቀሙም አቃተኝ።

የመጀመሪያው ማታ ከቱነሩ (ከቅኝት መለኪያው) ጋር ተፋጥጬ ሁለት ሰዓት ያህል ስዞር አመሸሁ። ወፍራሟን ሳስተካክል ቀጭኗ ትወርዳለች፣ ቀጭኗን ሳወጣ ወፍራሟ ትሄዳለች። በመጨረሻ መቆለፊያዎቹን አጠበኩና "አሁን ተገላገልኩ" ስል፣ ማጥበቁ ራሱ ክሮቹን ጫን ብሎ ሁሉንም ከቅኝት አወጣቸው። ጆሮዬ የተበላሸ መሰለኝ፤ ከጊታሩ ይልቅ ራሴን ነበር የጠረጠርኩት።

2ኛ፦ ነቱን እይ፤ ከብሪጁ ይልቅ ይሄኛው ነው ያስለቀሰኝ። ኤፍ ኮርድ እንቢ አለኝ። ጣቴን አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ብረቶች) ላይ አጋድሜ በሙሉ ኃይሌ እጫናለሁ፣ ግማሾቹ ክሮች ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚያወጡት። የማየው አስተማሪ ሁሉ "ተለማመድ፣ ጣት ይጠነክራል" ይላል። ስምንት ወር ተለማመድኩ። ጣቴ ጠነከረ፣ ኤፍ ግን አልመጣም። ልሸጣት ስወስን፣ ቢያንስ ትታይ ብዬ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። አዛውንት ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ወፍራሟን ክር በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጫኗት፤ ከዚያ በሌላው እጃቸው ጥፍር እዚያው አንደኛው ፍሬት አናት ላይ ክሯን ጠቅ ጠቅ አደረጓት። "ይታይሻል?" አሉኝ። በክሯና በፍሬቱ መካከል የመታወቂያ ካርድ የሚያሾልክ ክፍተት ነበር። "እዚህ ጋ የፀጉር ክር ያህል ነው መሆን ያለበት። ነቱ ከፍ ብሎ ነው የተገጠመው። አንቺ ጣት አልጎደለሽም።" አንቺ ጣት አልጎደለሽም! መንገድ ላይ ወጥቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

የመቆለፊያ ነት እንደ ሌላው ነት ተሞርዶ አይስተካከልም፤ ከነመቀመጫው ፈትተው ከሥሩ ያለውን እንጨት ዝቅ አደረጉት። አንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ ሩብ ዙር አዞሩ። ብሪጁን ዝቅ አድርገው 12ኛው ፍሬት ላይ የወፍራሟን ክር ከፍታ ወደ 2 ሚሊሜትር አወረዱት። እዚያው ወንበር ላይ ኤፍ ያዝኩ። ስድስቱም ክሮች ጮሁ። ያስከፈሉኝ የክር ዋጋ እንኳ የማይባል ትንሽ ነገር ነው፤ ሻጩ ያንን ሁሉ ገንዘብ ሲቀበል "አስተካክለህ ስጠኝ" ስለው ግን "ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው" ነበር ያለኝ። ውሸት ነው። ርካሽ ጊታር ከፋብሪካ ተስተካክሎ መምጣቱ ዕድል ነው። ስለዚህ ከበጀትህ ላይ መጀመሪያ የማስተካከያውን አንሳ፣ የሚገዛው በቀረው ነው።

መሞከሩንም እንደ እኔ አትፈር። ኮርድ ሳታውቅም ትሞክራለህ፦ እያንዳንዷን ክር እያንዳንዱ ፍሬት ላይ እየተጫንክ ምታ፣ የሚነዝር ወይም የሚሞት ቦታ ካለ ይሰማሃል። መዳፍህን በአንገቱ ጠርዝ አንሸራት፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ከቧጠጠህ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቧል። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ ምታ፣ ከዚያ ተጭነህ ምታ፤ ሁለቱ በቱነር አንድ ካልሆኑ ብሪጁ ላይ መስተካከል አለበት። ካልተስተካከለ ከላይኛው ፍሬት ጋ የምትጫወተው ሁሉ ይዛባል። አምፑ ላይ ሰክተህ ቮሊዩሙን አዙር፣ የኬብሉን ጫፍ ወዝወዝ አድርግ፤ ቢንሸካሸክ ቀላል ነው፣ ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

3ኛ፦ አምፑ። 100 ዋት ምን ያደርግልሃል? አንተም እንደ እኔ ግድግዳ የምትጋራ ሰው እንደሆንክ እገምታለሁ። ዋት ሲያዩት እንደሚመስለው አይደለም፤ ለጆሮ እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ መጨመር አለበት። ስለዚህ 10 ዋቱ ከ100 ዋቱ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ድምፅ አለው እንጂ አንድ አሥረኛ አይደለም። የኔ 100 ዋት ቁልፉ ዜሮና አንድ መካከል ነበር የሚኖረው። በጣት ጫፍ ፀጉር ታህል ታዞራለህ፣ ዝም። ሌላ ፀጉር ታህል ታክላለህ፣ የጎረቤት በር ይንኳኳል። መካከል የለውም። ሁለት ዓመት አቆይቼ አንድ ጊዜ እንኳ ሁለት ላይ አላደረስኩትም።

ለቤት ከ10 እስከ 25 ዋት፣ የኢርፎን መሰኪያ ያለው፣ ከስልክ ሙዚቃ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው፣ ከተቻለ ስፒከሩ 8 ኢንች የሆነ ይበቃሃል። ከዚያ ያነሰው ስፒከር ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ዲጂታሎቹን (ድምፁን በቺፕ የሚያቀናብሩትን) "እውነተኛ አይደሉም" ብለው የሚያጣጥሉ አሉ፣ አትስማቸው፤ ለጀማሪ ከእነሱ የተሻለ የለም። እኔ አሁን የምጠቀመው የቦስ ካታና ነው፤ 50 ዋት ነው ግን ወደ ግማሽ ዋት የሚያወርደው ማብሪያ አለው፣ ሌሊት የምጫወተው በእሱ ነው። የያማሃ ቲኤችአርም ለመኝታ ቤት ተብሎ የተሠራ ነው። ባለ ቲዩቡን (እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራውን) ለጊዜው እርሳው፤ ይከብዳል፣ ቲዩቡ ይቀየራል፣ ጥሩ ድምፁም የሚመጣው ሲጮህ ነው። ቤት ባለው ቴፕ ላይ ልሰካ ካልክ ደግሞ ይሰማል፣ ግን የታፈነና ደካማ ነው፤ የጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው) የሚፈልገው ዓይነት መግቢያ የለውም።

አንድ ነገር በተለይ፦ የምትገዛው ከሌላ አገር የመጣ ያገለገለ አምፕ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብብ። እኔ ከዚያ ግዙፍ አምፕ ተገላግዬ ትንሽ ቆንጆ አገኘሁና ቤት አምጥቼ ሰካሁት። 120 ቮልት ይላል፣ የቤቴ መስመር 230 ነው። አንዴ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ አለቀ። የሸጠልኝን ሰው ደወልኩለት፣ "አልጠየቅሽኝም" አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ አሁን የሰው ቤት አምፕ እንኳ ጀርባውን ሳላይ አልሰካም። ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ይገዛል በእርግጥ፣ ግን አቅሙ አምፑ ከሚወስደው ዋት በላይ መሆን አለበት፣ ዋጋውንም አስበህ ግባ።

4ኛ፦ ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ጊታሩ ላይ አብዛ። ማስተካከያውን፣ አንድ ጥሩ ኬብልና ትርፍ ክር ካነሳህ በኋላ የቀረውን ከሦስት ሁለቱን እጅ ለጊታሩ። "ድምፁን የሚያወጣው አምፑ ነው" የሚሉህ አልተሳሳቱም፣ ግን የእነሱ ጣት ኤፍን ከያዘ ቆይቷል። ስም ካስፈለገህ የያማሃ ፓሲፊካ፣ የስኳየር (የፌንደር ርካሹ ነው) ቴሌካስተር፣ ወይም የኤፒፎን (የጊብሰን ርካሹ ነው) ሌስ ፖል ቅርጽ ያላቸው፤ የቴሌካስተሩና የኤፒፎኑ ብሪጅ የታሰረ ነው። ፓሲፊካዎቹ አብዛኞቹ ቀላሉ ትሪሞሎ አላቸው፣ ያ አያስፈራም፣ ክንዱን ነቅለህ ከኋላ ሞላውን ካጠበቅህ እንጨቱ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ጊታርና አምፕ በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ጥቅልም አለ፤ ጊታሩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ አምፑ መጫወቻ ነው። "መጀመሪያ አኩስቲክ ተማር" የሚሉህንም እለፋቸው፣ የኤሌክትሪኩ ክር ቀጭን ነው፣ ለጣት ይቀላል።

5ኛ የምለው ነበረኝ፣ ስለ ሻጩ ስጽፍ ተናድጄ ጠፋብኝ።

ጥቁሯን ግን አልሸጥኳትም። ጠጋኙ ከብሪጁ በስተኋላ የተጠረበ እንጨት ሽብልቅ አድርገው ወጥረውልኛል፣ አሁን አትንሳፈፍም፣ ቅኝቷም ሳምንት ይቆያል። አንተም ያንን ጊታር ወስደኸው ከሆነ አትደንግጥ፣ ይህንኑ አስደርግ። አምፑን ግን ገና ካልከፈልክ ጀርባውን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልኝ፣ ቮልቱን ላንብብልህ።